ምዕራፍ 4፦ ድሃ አገር ታንክ በምን ይገዛል?

በየካቲት 1970 ዓ.ም. በጅጅጋ ዙሪያ የተፋለሙት ሁለት ሠራዊቶች ያሰለፏቸው ታንኮች በአብዛኛው የአንድ አገር ሥሪት ነበሩ። ሶማሊያ ቲ-54 እና ቲ-55 ታንኮቿን ከሶቪየት ኅብረት የተረከበችው ከዓመታት በፊት ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ ቲ-55ን ያገኘችው በቅርቡ፣ ጦርነቱ ከተፋፋመ በኋላ ጭምር፣ በአየርና በባሕር እየተጫነ ሲገባላት ነው። ሁለቱም ሚግ ነበራቸው፤ የሁለቱም መኮንኖች መሣሪያውን የተማሩት ከአንድ አገር አሠልጣኞች ነው። ሁለቱም አገሮች ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ሕዝባቸውን በረሃብ ቀብረዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ በ1965 እና በ1966 ወሎ አለቀ፤ ሶማሊያ ውስጥ በ1967 አርብቶ አደሩ ከብቱን አጥቶ በመጠለያ ሰፈረ።

በዓለም ድሃ ከሚባሉት ተርታ የነበሩ ሁለት አገሮች ያን ሁሉ ብረት በምን ገዙት? ለምንስ ገዙት? የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ይኸው ነው። (በምዕራፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ መሣሪያ እሽቅድምድም ከጻፉት መካከል ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያስቀመጠው የጦር ሰው አይደለም። ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን እንግሊዛዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ነበር፤ ነፋስና ዝናብን በሂሳብ ለመተንበይ ከሞከሩት ፋና ወጊዎች አንዱ። በሃይማኖቱ ክዌከር ስለነበረ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጠመንጃ አላነሳም፤ ፈረንሳይ ውስጥ ቁስለኛ በአምቡላንስ ሲያመላልስ ቆየ። ከዚያ በኋላ አገሮች ለምን እንደሚታጠቁ ሲመረምር ኖረ፣ የደረሰበትንም በቀመር አስቀመጠው። ቀመሩ ውስጥ ፍርሃት አለ፤ ጎረቤቴ መሣሪያ በጨመረ ቁጥር እኔም እጨምራለሁ። ቂምም አለ፤ ጎረቤቴ ምንም ባይገዛ እንኳ ያደረ የመሬትና የደም ጥያቄ ወደ ትጥቅ ይገፋኛል። ሦስተኛው ግን ወደ ኋላ የሚይዝ ነው፤ ወጪው። ያለኝን ሁሉ ለመሣሪያ ካዋልኩ ለመምህርና ለሐኪም የምከፍለው ስለማጣ አንድ ቦታ ላይ መቆሜ አይቀርም። ሌሎቹ ሁለቱ ነዳጅ ከሆኑ ወጪ ፍሬን ነው።

በዚህ ስሌት ከሄድን ፈጥነው መቆም ያለባቸው ድሆቹ ናቸው። ካዝናቸው ባዶ ነው፤ ፍሬኑ ገና ከመነሻው ሊይዛቸው ይገባል። የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ምክንያቱን ለማግኘት ፍሬኑን የፈታው ማን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ከቂሙ እንጀምር። የእንግሊዝና የጣሊያን ሶማሊላንዶች በሰኔ 1952 ተዋሕደው ነጻ ሪፐብሊክ ሲመሠርቱ በባንዲራቸው ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ አደረጉ። ሁለቱ ጫፎች የተዋሐዱት ናቸው። የቀሩት ሦስቱ ጅቡቲን፣ የኬንያን ሰሜን ምሥራቅ አውራጃና የእኛን ኦጋዴን ያመለክቱ ነበር። አዲስ አበባና ናይሮቢ ላሉ መንግሥታት ይህ ጌጥ ሳይሆን ይፋ የተደረገ የይገባኛል ጥያቄ ነበር። ከሶማሌው ወገን ሆኖ ለሚያየው ደግሞ ግመል ነጂው በየወቅቱ የሚሻገረውን ግጦሽ ቅኝ ገዢና ንጉሠ ነገሥት በካርታ የከፋፈሉበት በደል ነው። ሁለቱም ከልባቸው ያምኑበት ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በሐምሌ 1956 ካይሮ ላይ ከቅኝ ግዛት የተወረሱ ድንበሮች ይከበሩ ብሎ ሲወስን ሶማሊያ አልቀበልም አለች።

ቂም ብቻውን ግን ታንክ አይሆንም። ሶማሊያ ለጦሯ እርዳታ ስትጠይቅ ምዕራባውያን ያቀረቡላት ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነበር፤ ያውም የአገር ውስጥ ጸጥታ ለማስከበር ከሚበቃ አነስተኛ ጦር እንዳያልፍ ታስቦ። ሶቪየት ኅብረት ግን ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ብድርና እርዳታ ይዛ መጣች። በ1956 ዓ.ም. ሞቃዲሾ የሶቪየትን መረጠች። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያና ሶማሊያ ድንበር ላይ ተዋጉ፤ ኢትዮጵያም ከኬንያ ጋር የመከላከያ ስምምነት ፈረመች። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ኢትዮጵያ ኤፍ-5 ጄት ከአሜሪካ ተረከበች።

ኢትዮጵያ ዋጋውን የከፈለችው በምን ነበር? በቦታ። በግንቦት 1945 ከአሜሪካ ጋር የተፈረሙት ውሎች ሁለት ናቸው። አንዱ ለኢትዮጵያ ወታደራዊ እርዳታ ይሰጣል፤ ሌላው አስመራ የሚገኘውን የሬዲዮ ጣቢያ ለ25 ዓመት ለአሜሪካ ይለቃል። ጣቢያው ኋላ ኮሪያ በዘመተው ሻለቃ ስም ቃኘው ተባለ። አስመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ለምድር ወገብም ትቀርባለች። ሳተላይት ባልነበረበት ዘመን የሩቅ ሬዲዮ ለማዳመጥና መልእክት ለማስተላለፍ እንዲህ ያለ ቦታ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። ከዚያ ውል እስከ 1969 ድረስ ኢትዮጵያ ያገኘችው የአሜሪካ ወታደራዊ እርዳታ ወደ 280 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። አሜሪካ ከሰሐራ በታች ላለው አፍሪካ በሙሉ ከሰጠችው ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ለዚህ ተብሎ ከገበሬው ግብር ብዙም አልተጨመረም፣ ከቡናው ገቢም ብዙ አልወጣም። ፍሬኑ ተፈታ የምለው ይህን ነው።

ሶማሊያም በቦታ ከፈለች። ዚያድ ባሬ በጥቅምት 1962 ሥልጣን ከያዘ በኋላ በርበራ የሶቪየት ባሕር ኃይል ማረፊያ ሆነች፤ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ማኮብኮቢያም ተሠራላት። የሕንድ ውቅያኖስን ለሚቃኝ መርከበኛ በርበራ ወርቅ ነበረች። በሐምሌ 1966 ሁለቱ መንግሥታት የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ጦርነቱ ዋዜማ ላይ የሶማሊያ ጦር ወደ 250 ታንክና ከ50 በላይ የውጊያ አውሮፕላን ነበረው፤ በታንክ ብዛት ከኢትዮጵያ በእጅጉ ይበልጥ ነበር። ያን ጊዜ የሶማሊያ ሕዝብ ከኢትዮጵያው ጋር ሲነጻጸር እፍኝ የማይሞላ ነው።

በቦታ የሚከፈል ዋጋ ግን አንድ ትልቅ ችግር አለበት። ቦታው ለገዢው የሚሰጠውን ጥቅም የሚወስነው ባለቦታው አይደለም። ግንቦት 1965 ጃንሆይ ዋሽንግተን ሄደው ከፕሬዚዳንት ኒክሰን ጋር ሲነጋገሩ የጠየቁት ለሶማሊያው ትጥቅ መልስ የሚሆኑ ዘመናዊ ጄቶችና ታንኮች ነበር። ያገኙት ከጠየቁት በጣም ያነሰ ነው። ሳተላይት የቃኘውን ሥራ መሥራት ጀምሮ ነበርና አሜሪካኖች ጣቢያውን ሊያሳንሱት አስበዋል። የኢትዮጵያ ፍርሃት በጨመረበት ሰዓት የኢትዮጵያ መክፈያ ዋጋው ወደቀ።

በዚያው ወር ወሎ ውስጥ ሰዎች ወደ ዋናው መንገድ ወጥተው በየዳሩ እየወደቁ ነበር። ይህን የማነሳው ሁለቱን በግድ ለማገናኘት አይደለም። የአሜሪካ ጄት ቢቀር ለወሎ እህል ይሆን ነበር ማለት አይቻልም፤ ገንዘቡ የእኛ አልነበረምና። ነገር ግን መንግሥት ዓይኑ ወዴት እንደሚመለከት ያሳያል። ሶማሊያ ስንት ታንክ እንዳላት በቁጥር የሚያውቀው ቤተ መንግሥት በደሴ መንገድ ላይ ስንት ሰው እንደሞተ አልቆጠረም።

ወታደሩን ራሱንም አላየውም። በጥር 1966 ነገሌ ቦረና የነበረው ብርጌድ ያመፀው ጄት አነሰኝ ብሎ አይደለም። የውሃ ፓምፑ ተበላሽቷል፤ ምግቡ አይበላም፤ አቤቱታው ሰሚ አጥቷል። ነገሩን ለማብረድ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ጄኔራል አግተው እነሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትንም ውሃ እንዲጠጡ አደረጓቸው። የ1966 አብዮት ከዚያ ጭረት ተነስቶ ነው አገሩን ያዳረሰው። ብዙ የመሣሪያ ጥናቶች የሚዘሉት ነገር እዚህ ላይ አለ። የታዳጊ አገር መንግሥት ብዙ ጊዜ የሚታጠቀው ከድንበር ማዶ ላለው ብቻ ብሎ አይደለም፤ የገዛ ሠራዊቱንም ይፈራል። ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ጃንሆይ ለጦሩ ደመወዝ መጨመር ግድ ሆኖባቸዋል። ለመኮንን አዲስ ጄት ማምጣት ክብር መስጠት ነው፤ ወደ ውጭ ለሥልጠና መላክ ታማኝነት መግዛት ነው። ለነገሌው ወታደር ግን ያ ሁሉ ክብር አንድ ኩባያ ንጹሕ ውሃ አላመጣለትም።

ደርግ ሲመጣ የአሜሪካ በር ጠበበ። በታኅሣሥ 1969 ከሶቪየት ጋር የመጀመሪያው የመሣሪያ ስምምነት በምስጢር ተፈረመ። በየካቲት የካርተር አስተዳደር በሰብአዊ መብት ረገጣ ምክንያት እርዳታውን ቀነሰ። በሚያዝያ ደርግ ቃኘውንና ሌሎች የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶችን ዘጋ፤ በወሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሞስኮ ነበር። ሶቪየቶች ሁለቱንም አገሮች በእጃቸው ማቆየት ፈልገዋል። ፊደል ካስትሮ በመጋቢት 1969 ኤደን ላይ መንግሥቱንና ዚያድ ባሬን ፊት ለፊት አስቀምጦ በሶሻሊስት ፌዴሬሽን ተዋሐዱ ሲላቸው ነበር። ዚያድ ባሬ አልሰማም። ሰዓቱ እያለፈበት ነበር፤ ጎረቤቱ አርጅቶ የነበረውን መሣሪያ በአዲስ ሊለውጥ ነው። ዛሬ ካልመታ ነገ አይችልም። ትጥቅ ጦርነትን ያስቀራል የሚሉ ሰዎች እነዚህን ወራት ቢያጠኗቸው እወዳለሁ፤ የኢትዮጵያ አዲሱ ትጥቅ ገና ሳይገባ የመምጣቱ ወሬ ብቻ ጦርነቱን አፋጠነው።

የሶማሊያ ጦር በሐምሌ 1969 በሙሉ ኃይሉ ገባ፤ በመስከረም መጀመሪያ ጅጅጋ ወደቀች። ኢትዮጵያ ያን ጊዜ መሣሪያ በመለወጥ ላይ ነበረች። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቀረብ ብለን እንየው። የአሜሪካው ኤም-60 ታንክ መድፍ ስፋቱ 105 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሶቪየቱ ቲ-55 ደግሞ 100። የአንዱ ጥይት በሌላው አይገባም። የጠመንጃው ጥይትም እንዲሁ ይለያያል። የጥገና መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የነበረ አሁን በሩስኛ ነው። የሞተሩ መፍቻ ሳይቀር ሌላ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በአሜሪካ መሣሪያ የሠለጠነ ጦር አቅራቢ ሲለውጥ መጋዘኑን፣ መካኒኩንና ትምህርት ቤቱን አብሮ መለወጥ አለበት። መለዋወጫ የያዘ ሰው ጦርነትህን ይዟል።

ይህም ሆኖ በሰማይ ላይ የበላይነቱን ያመጡት በቁጥር ጥቂት የነበሩት የአሜሪካ ኤፍ-5ዎች ናቸው። እንደ ለገሰ ተፈራ ያሉ አብራሪዎች የሶማሊያን ሚጎች የጣሉት በአዲስ ግዢ ብቻ ሳይሆን በዓመታት ሥልጠና ነው። በመሣሪያ ቆጠራ ሠንጠረዥ ውስጥ የማይገባ ሀብት ቢኖር እሱ ነው።

ዚያድ ባሬ በኅዳር 4 ቀን 1970 ሶቪየቶችን ከአገሩ አባረረ፤ ከኩባም ጋር ግንኙነቱን አቋረጠ። ከዚያ ወዲያ ሶቪየት ኅብረት ወደ ኢትዮጵያ ያጓጓዘችው መሣሪያ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። አሜሪካ በ24 ዓመት ከሰጠችው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ከ10 ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮች ተሰለፉ፤ የሶቪየቱ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭም መጣ። በአገር ውስጥ በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሻ ከሞፈርና ከቀንበር ተነስቶ ዘመተ። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ነጻ ወጣች፤ በካራማራ የተገኘው ድል እስከ ዛሬ ይከበራል፣ ሊከበርም ይገባዋል። አገር ተወርሮ ነበር። የተወረረ አገር መሣሪያ ለምን ፈለግክ አይባልም። በ1927 አውሮፓውያን በኢትዮጵያና በጣሊያን ላይ እኩል የመሣሪያ እገዳ ሲጥሉ፣ የራሷ ፋብሪካ የነበራት ጣሊያን ምንም አልጎደለባትም፤ የጎዳው እኛን ነው። ስለዚህ ድሃ አገር መሣሪያ አይግዛ የሚለውን ስብከት እኔ አልቀበልም። የምጠይቀው ሂሳቡ መቼና በማን እንደሚወራረድ ነው።

ከድሉ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። በነሐሴ 1972 አሜሪካ በርበራን የመጠቀም ስምምነት ከሶማሊያ ጋር ፈረመች። ከታኅሣሥ 1969 ወዲህ አራት ዓመት ሳይሞላ ሁለቱ ኃያላን ወንበር ተለዋወጡ፤ ቀንዱ ውስጥ ግን የመሣሪያው ክምር ከፍ አለ እንጂ አልቀነሰም። ጎረቤቶችም ዝም ብለው አላዩም። ኬንያ ገና ከጦርነቱ በፊት፣ በ1968 ዓ.ም.፣ ኤፍ-5 ጄቶችን ከአሜሪካ ለመግዛት የወሰነችው በአንድ ወገን ሶማሊያን፣ በሌላ ወገን በሶቪየት መሣሪያ የታጠቀውን የኡጋንዳውን ኢዲ አሚንን እያየች ነው። ኢዲ አሚን በዚያው ዓመት የኬንያ ምዕራባዊ ክፍል የእኔ ነው ብሎ ነበር። ሁለት አገሮች መካከል የተጀመረ ፍርሃት እንዲህ ነው አካባቢውን የሚያዳርሰው፤ ሞቃዲሾ ለኦጋዴን ብላ ያመጣችው ታንክ ናይሮቢ ላይ የተደገነ መስሎ ይታያል።

ደርግ በ1970ዎቹ ከሰሐራ በታች ካሉት ሁሉ ትልቁን ሠራዊት ገነባ። በብድር ነው የገነባው። ያ መሣሪያ ወደ ሰሜን ዞረ። በመጋቢት 1980 አፋቤት ላይ ሻዕቢያ አንድ ሙሉ ዕዝ ደምስሶ ታንኩንና መድፉን ማረከ፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ሠራዊቱን የወጋው ከራሱ መጋዘን በወጣ ብረት ነበር። በ1983 ሁለቱም መንግሥታት በወራት ልዩነት ወደቁ። የሶማሊያ መጋዘኖች ተዘርፈው መሣሪያው ሞቃዲሾ ባካራ ገበያ ላይ እንደ ሸቀጥ ተደረደረ። ኢትዮጵያ ውስጥም የተበተነው ወታደር ክላሹን በዳቦ ዋጋ ሸጦ አገሩ የገባበት ጊዜ ነበር። ዕዳው ግን አልወደቀም። በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠረው የሶቪየት ብድር፣ አብዛኛው ለመሣሪያ የወጣ፣ ሩሲያ አብዛኛውን እስክትሰርዝ ድረስ ከተገረሰሰው መንግሥት ለተከተለው ተላለፈ። ነገሌ ቦረና ላይ ንጹሕ ውሃ ያላገኘው ወታደር ልጆች የወረሱት ዕዳ ነው።

ፍሬኑን የፈቱት ኃያላን ከሄዱ በኋላስ? የ1990ው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የሚያሳዝን መልስ ሰጥቶናል። ነጻ ስጦታ የሚሰጥ አልነበረም፤ ነገር ግን ከሶቪየት መፍረስ የተረፈ መሣሪያ ዓለምን ሞልቶ ነበር። ኢትዮጵያ ሱ-27፣ ኤርትራ ሚግ-29 ገዙ፤ በየካቲት 1991 በሰማይ ላይ ተዋጉባቸው። የጸጥታው ምክር ቤት የመሣሪያ እገዳ የጣለው በግንቦት 1992፣ ሁለቱም የሚፈልጉትን ከሸመቱና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው። በዚያው በ1992 ጎዴ ላይ ሕፃናት በረሃብ ይሞቱ ነበር።

ዛሬ ደግሞ በቦታ መክፈል ተመልሷል። ጅቡቲ ውስጥ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይና የቻይና ጦር ሰፈሮች ይገኛሉ። ቱርክ ሞቃዲሾ ላይ ትልቅ የሥልጠና ካምፕ አላት። በሶማሊያ ላይ ለሦስት አሥርት ዓመታት የቆየው የመሣሪያ እገዳ በኅዳር 2016 ተነሣ። በታኅሣሥ 2016 ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመች፤ በነሐሴ ግብፅ ለሞቃዲሾ መሣሪያ ላከች። የዛሬው ድሮን ከታንክ ይልቅ ርካሽ ነው፤ በፍጥነት ይመጣል፤ ብዙ ሠልጣኝም አይፈልግም። ፍሬኑ ከምንጊዜውም በላይ ላልቷል።

ከራሳችን ታሪክ አንድ የተለየ ምሳሌ አለ። ምኒልክ በውጫሌ ውል ጊዜ ከጣሊያን 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ወስደዋል፤ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ነበር፤ ከፊሉም በመሣሪያ ተተምኗል። የውሉ አንቀጽ 17 ነጻነትን የሚነካ ሆኖ ሲገኝ ውሉን ሻሩ፤ ብድሩንም ከፈሉ። አድዋ ላይ በጣሊያን ላይ ከተተኮሰው ጠመንጃ ውስጥ ጣሊያን ራሱ ያመጣው ነበረበት፤ ነገር ግን በዚያ ጠመንጃ ላይ የሚያዝዝ አበዳሪ አልነበረም። ምኒልክ ከአንድ ሻጭ ብቻ አልገዙም፤ ከፈረንሳዮችም ከሌሎችም ገዝተዋል፤ የከፈሉትም በዝሆን ጥርስ፣ በቡናና በወርቅ ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ መንግሥትህ አዲስ መሣሪያ አስገባ የሚል ዜና ስትሰማ ስለ ፍጥነቱና ስለ ርቀቱ ብቻ አትጠይቅ። ብድሩ የስንት ዓመት ነው? መያዣው ምንድን ነው፣ ወደብ ነው፣ አየር ማረፊያ ነው፣ ወይስ የማዕድን ቦታ? መለዋወጫው ከማን ይመጣል? ከሻጩ ጋር ብንጣላ ስንት ወር መዋጋት እንችላለን? የመሣሪያው ዓይነት ምስጢር ሊሆን ይችላል፤ የብድሩ ውል ግን ምስጢር ሊሆን አይገባም። ወደ ምክር ቤት ይቅረብ፤ በስምህ የሚቀመጡ ተወካዮችም ከመፈረማቸው በፊት ያንብቡት።